የሠርግ ዲኮር ቤት ለሐዘን ሲጠራ

ደሴ ላይ ሠርግ የሚያሳምር ቤት ሞልቷል። ለልደቱም፣ ለምርቃቱም፣ ለቀለበቱም ባለሙያ አለ። «የተገደሉ ሴቶች የሚታወሱበት ጠረጴዛ አዘጋጁልን» ብላችሁ ስትገቡ ግን ሰው ግራ ይገባዋል። አንዱ «ሙት ዓመት ነው?» አለኝ። ሌላው «የየትኛው ድርጅት ፕሮግራም ነው?» አለኝ። ሁለቱም አይደለም፤ ከሁለቱ ግን ሙት ዓመት ያለው ይቀርባል።

ስለዚህ ይህ የአንድ ቤት ግምገማ አይደለም። ጠረጴዛውን ለማቆም የዞርንባቸውን ቤቶችና ሰዎች ነው የምጽፈው፤ ማን ምን ሠራልን፣ ምን አስከፈለን፣ ማን ገባው፣ ማን አልገባውም። ስም አልጠራም። ደሴ ትንሽ ናት፣ የሚወቀሰው ሁሉ የአንዳችን ዘመድ ነው።

እኛ አንድ ሰፈር ቡና የምንጠጣ፣ እስላምም ክርስቲያንም የሆንን ሴቶች ነን። ድርጅት የለንም፣ ማኅተም የለንም። ገንዘቡን ከየኪሳችን አዋጣን። ኅዳር 16 በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃት በዓለም ዙሪያ የሚታሰብበት ቀን ነው፤ ከዚያ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 1 ያሉት አሥራ ስድስቱ ቀናት ይባላሉ። እኛ ጋ አብዛኛውን ጊዜ በስብሰባ ያልፋሉ። ቲሸርት፣ ባነር፣ ንግግር፣ ለስላሳ፣ ፎቶ፣ አበቃ። እኛ የፈለግነው ሰው ገብቶ ዝም ብሎ የሚቆምበት ቦታ ነበር።

ሐሳቡን ያመጣችው ከመካከላችን አንዷ ናት፣ ስልኳ ላይ የሜክሲኮዎቹን አይታ። እነሱ በጥቅምት መጨረሻ ገደማ የሙታን ቀን አላቸው። ቤታቸው ደረጃ ደረጃ ያለው ጠረጴዛ ያቆማሉ፤ ሻማ፣ ውኃ፣ ጨው፣ ዳቦ፣ ቢጫ አበባና የሟች ፎቶ ይደረድሩበታል። የሴቶች ቡድኖች ደግሞ ይህንኑ ባህል አደባባይ አውጥተው ለተገደሉ ሴቶች ያቆሙታል። ሲዩዳድ ሁዋሬዝ በምትባለው ከተማ ደግሞ ኤሊና ሾቬ የምትባል ሠዓሊ በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 33 ጥንድ ቀይ የሴት ጫማ መንገድ ላይ ደርድራለች። ሰው የለበትም፣ ጫማ ብቻ። እሱን ሳይ ሌላውን ሁሉ ረሳሁት።

ኅዳር 16 ራሱም ታሪክ አለው። በዚያ ቀን በ1953 ዓ.ም. ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ ሦስቱን የሚራባል እህትማማቾች፣ ፓትሪያን፣ ሚኔርቫንና ማሪያ ቴሬሳን፣ የአምባገነኑ ትሩሂዮ ሰዎች ገደሏቸው። ከዚያ መኪናቸውን ገደል ሰድደው አደጋ አስመሰሉት። የተባበሩት መንግሥታት ቀኑን በይፋ የሰየመው በ1992 ዓ.ም. ነው። «ወድቃ ነው እኮ» የሚባለው ወሬ እኛም ሰፈር የማይታወቅ አይደለም።

ወደ ዲኮር ቤቱ ልግባ።

ልጁ ትሑት ነው፣ ሥራውንም ያውቃል። ችግሩ የሚያውቀው አንድ ሥራ ብቻ መሆኑ ነው። መጀመሪያ ያሳየን ፎቶ ላይ ፊኛ ነበር። ፊኛ! «ነጭና ጥቁር አድርገን እንቀላቅለዋለን» አለ። ቀጥሎ ወርቃማ ወንበር፣ ቀጥሎ የሚበራ የልብ ቅርጽ፣ ቀጥሎ የላስቲክ ጽጌረዳ ግድግዳ። ለዚህ ሁሉ 18,000 ብር ጠራ። አንዷ ጓደኛችን «ወንድሜ፣ እኛ እኮ ሙሽራ የለንም» ስትለው ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ አሳፈረውና ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ነው መስማት የጀመረው።

በመጨረሻ የተከራየነው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንዱ ለሠርግ ኬክ የሚያቆሙት ባለ ሦስት ደረጃ ብረት፣ ሌላው ጥቁር ጨርቅ። ብረቱ በጣም ጥሩ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ አይወዛወዝም፣ ተፈታቶ በባጃጅ ይሄዳል። ጨርቁ ግን ሳቲን ነው፤ መብራት ሲመታው ያብለጨልጫል። እሱን ከሥር አድርገን ከላይ እናቶቻችን ያዋሱንን ነጠላ አለበስነው፤ ጥለቱን ለለቅሶ እንደሚለበሰው ወደ ላይ አድርገን። ይህን ያደረገችው የሰባ ዓመት እናት ናት፤ ማንንም አላማከረችም፣ መጣች፣ የኛን አጣጣል አየች፣ ነቅላ እንደገና አለበሰችው።

ዋጋውን እስከ 6,000 ብር አወረድነው። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። የኦርቶዶክስ ሠርግ እስከ ገና አይኖርም ማለት ነው። ዲኮር ቤቶቹ በዚያ ሰሞን ሥራ ይቀዘቅዝባቸዋል፣ ስለዚህ ተከራከሩ። የሙስሊም ሠርግ ግን ስላለ ቅዳሜና እሑድ ላይ አትተማመኑ። የኛው ልጅ ከቀጠረን ሰዓት በጣም ዘግይቶ ነው የመጣው፣ ምክንያቱም ከአንድ ኒካህ እየነቀለ ነበር። ጨርቁ ላይ የወርቅ ብልጭልጭ ተጣብቆ መጣ። እያራገፍን ሰቀልነው።

ለዲኮር ቤቱ ከአምስት ሦስት እሰጠዋለሁ። ብረቱ አራት ያስገኝለት ነበር፣ ፊኛው ቀነሰበት።

ማተሚያ ቤቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ የተናደድኩት እዚያ ነው።

እዚያ ያሳተምነው ሦስት ነገር ነው፤ የስም ካርዶች፣ አንድ የቁጥር ወረቀት፣ አንድ የሕግ ወረቀት። ስሞቹን የሰበሰብነው ቤተሰብ እየጠየቅን ነው። እሺ ያለ ቤተሰብ ስም አለ፤ እምቢ ያለው ቤተሰብ ስም የለም፣ ደግመን አንጠይቅም፣ አንከራከርም። ፎቶ ጨርሶ አላደረግንም። አንዲት ሙስሊም እናት ሥዕል ፊት መብራት ማብራት እንደማይመቻቸው ገና ከመጀመሪያው ነገሩን። ከዚያም በላይ ፎቶ አንዴ ከወጣ በየስልኩ ይዞራል፤ ለቤተሰብ ሌላ ቁስል ነው። ካርዱ ላይ የመጀመሪያ ስም፣ ዕድሜና ምን ትሠራ እንደነበር ብቻ። «ተማሪ»። «እንጀራ ትሸጥ ነበር»። እንዴት እንደተገደለች አልጻፍንም። የገዳዩንም ስም አልጻፍንም፤ ፍርድ ቤት ያለ ጉዳይ ካለ ደግሞ ጭራሽ አትንኩት። አንድ ካርድ ላይ ስም የለም። በ2014ቱ ጦርነት ለተደፈሩት ነው፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2014 ካወጣው ዘገባ ጀምሮ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ግን ስሙ እንዲጠራ አይፈልግም፣ ደግሞም ትክክል ናቸው።

ይህን ሁሉ ለማተሚያ ቤቱ ልጅ አስረዳነው። በማግሥቱ ስንመጣ ምን ሠርቶ ቢጠብቀን ጥሩ ነው? ካርዱ ሁሉ ላይ ዓይኗ የበለዘ ፈረንጅ ሴት ከኢንተርኔት አውርዶ ለጥፏል። በሮዝ ቀለም። ጥግ ላይ ደግሞ ለድርጅት አርማ የሚሆን ባዶ ክብ ትቷል፣ «ስፖንሰራችሁን ስታመጡ እሞላዋለሁ» ብሎ። ወላሂ ብሎ ማለ፣ ሁሌም ኅዳር ላይ የሚታዘዘው እንደዚህ ነው አለ። አምነዋለሁ። ችግሩ እሱ ላይ ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ ይህንኑ የሚያዙት ቢሮዎች አስተምረውታል።

የቁጥሩ ወረቀት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 23 በመቶዎቹ ከ15 ዓመታቸው ጀምሮ አካላዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ያሳያል። እኔን ይበልጥ የሚያመኝ ያው ጥናት የያዘው ሌላው ቁጥር ነው፤ ባል ሚስቱን ቢመታ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ናቸው፣ ወንዶቹ 28። ሴቶቹ ከወንዶቹ ይበልጣሉ። ልጁ ይህን ባለ ቀለም ክብ ሥዕል አድርጎ፣ አንዱን ቁራጭ እንደ ልደት ኬክ ወደ ውጭ አውጥቶት ነበር። አስጠፋነው። ነጭ ወረቀት፣ ጥቁር ጽሑፍ፣ ትልቅ ፊደል። አሳዝኖት ነበር፣ «ባዶ ሆነ እኮ» እያለ።

የሕጉ ወረቀት አጭር ነው። በድሮው፣ በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠልፎ የወሰዳትን ካገባት ከጠለፋው ክስ ነፃ ይወጣ ነበር። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህ ቀርቷል፤ በአንቀጽ 587 ጠለፋ ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፣ ቢያገባትም ባያገባትም። ብዙ ሰው ቆሞ ያነበበው ወረቀት ይኼ ሆነ። አሮጊቶቹ ማንበብ ስለማይችሉ የልጅ ልጆቻቸው ያነቡላቸው ነበር። አንዷ «እስቲ ድገሚልኝ፣ ሆድዬ» ስትል ሰማኋት። አስደገመች። ከዚያ «ይኼ በኛ ጊዜ የት ነበር» ብላ ሄደች።

ለማተሚያ ቤቱ ሁለት። ህትመቱ ጥራት አለው፣ ፊደል አልተሳሳተም፣ ዋጋውም ደህና ነው። ግን ፋይላችሁን ራሳችሁ አዘጋጅታችሁ ሂዱ፤ «አንተ እንደሚመስልህ» አትበሉት። የሚያብለጨልጭ ላሚኔሽንም አታስደርጉ። የሻማው ብርሃን ሲያርፍበት ስሙ አይነበብም።

መብራቱ። የገዛነው ሁለት ዓይነት ነው፤ በባትሪ የሚሠራ የቻይና ሻማና ጧፍ። የባትሪው አንዱ 60 ብር ነበር፣ ከሩቅ ሲያዩት ደህና ነው፣ ከቅርብ ግን ብልጭ ድርግም ማለቱ የምሽት ቤት ያስመስለዋል። ከዚያ ደግሞ ግማሾቹ እኩለ ፕሮግራም ላይ ደከሙ። ጥቅሙ ነፋስ አያጠፋውም፤ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ የጦሳ ተራራ ንፋስ በኅዳር ማታ በር በተከፈተ ቁጥር ይገባል። እንዲያም ሆኖ በሚቀጥለው አልገዛውም።

ጧፉን የገዛነው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ካሉት ንዋየ ቅድሳት መሸጫዎች ነው። ሻጩ ለምን እንደሆነ ጠይቆ፣ ወፍራሙን ትቶ ቀጭኑን ሰጠን፣ «ሰው ብዙ ከሆነ እያንዳንዱ የራሱን ያብራ» ብሎ። ልክ ነበር። መስቀል ያለበት ማስቀመጫ አልወሰድንም፣ ሁሉም ሰው እንዲመቸው። ማስቀመጫ ያደረግነው የተሰነጠቀ ምጣድ ነው። ሰኞ ገበያ ሸክላ የሚሸጡት እናቶች ጋ ስንጥቅ ምጣድ በርካሽ ይገኛል፤ አሸዋ ሞላንበት፣ ጧፉ አሸዋው ውስጥ ይተከላል። ቢወድቅ አሸዋ ላይ ይወድቃል። ቄጤማ ካነጠፋችሁ ይህን ነገር ቀልድ አታድርጉት፣ ቄጤማ ሲደርቅ ቤንዚን ነው። ከያዝነው ዕቃ ሁሉ ያማረው ምጣዱ ነው። አምስት ከአምስት፣ ስንጥቁን ጨምሮ።

ዕጣኑን የገዛነው ከዚያው ገበያ ነው። አድሩስና ሉባንጃ ቀላቅለን ወሰድን፤ ሻጯ ጥሩ መዛኝ ናት፣ አታጭበረብርም። አዳራሹ ዝግ ከሆነ ግን ቀንሱ፣ አስም ያለበት ሰው አይጠፋም።

አሁን ጫማው።

ቀይ ጫማ ልናደርግ አስበን ነበር፣ እንደ ሾቬ። ገበያ ስንወጣ ተውነው። የኛ ሴቶች ባለ ተረከዝ ቀይ ጫማ አድርገው አልሞቱም። የገጠሯ ልጅ የምታደርገው የላስቲክ ጫማ ነው፣ ያው ሁላችንም የምናውቀው። ስለዚህ ከልባሽ ጫማ ሻጭ ጋ ሄደን የላስቲክ ጫማ፣ ሸበጥ፣ የተማሪ ጥቁር ጫማ፣ አንድ ሁለት የቢሮ ጫማ መረጥን። ሻጩ ሽበት ያለው ሰው ነው። ሁሉንም የተለያየ ቁጥር ስንመርጥ አይቶ «ልጆቼ፣ ለማን ነው?» አለን። ነገርነው። ለተወሰነ ጊዜ ዝም ካለ በኋላ የጠየቀን ዋጋ አይደለም፤ «ሲያልቅ ጫማውን የት ትጥሉታላችሁ?» ነው። አላሰብንበትም ነበር። «አትጣሉት፣ ለሚያደርገው ስጡት፣ ለነሱም ሰደቃ ይሆንላቸዋል» አለ። ከዚያ ደግሞ የተቀደዱትን ከምርጫችን አውጥቶ ደህና ደህናውን ለወጠልን፣ ሰው የሚያደርገው ከሆነ ቀዳዳ አይሆንም ብሎ። ያው ዋጋ ነው ያስከፈለን፣ ነፃ አልሰጠም፣ መስጠትም የለበትም።

ጫማዎቹን ከታችኛው ደረጃ ጀምሮ እስከ መሬቱ ደረደርናቸው። ሰው ከምንም በላይ የቆመው እዚያ ጋ ነው። በተለይ ቁጥር 28ቷ ትንሿ ጫማ ጋ። በ2016 ማብቂያ የባሕር ዳሯ የሰባት ዓመት ሕፃን ነገር ሲሰማ ያለቀሰ ሁሉ፣ እዚያች ጫማ ጋ ሲደርስ እሷን አሰበ፤ ማንም ስሟን ሳይጽፍ። ወንዶች ጫማ ላይ ይበረታሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። አልበረቱም።

ለጫማ ሻጩ አምስት፣ ስድስት ቢኖር ስድስት።

የድምፅ መሣሪያ አከራዩን በአጭሩ፤ ከእናንተ ጋር ቁጭ ብሎ ካልተነጋገረ ራሱ ይመርጣል። የኛው ገና ሰው ሲገባ የፍቅር ዘፈን ለቀቀ። በአምባሰልና በትዝታ አገር፣ ባቲን አጠገባችን አስቀምጠን! አስጠፍተን በመሰንቆ ብቻ ሄድን። ስፒከሩን ከፍለንበት ጥግ ቆመ።

የቡናዋ ሴትዮ ግን ለብቻዋ አንቀጽ ይገባታል። መንገድ ዳር ጀበና ይዛ የምትሠራ ናት፤ ለዕለቱ ሲኒ፣ ረከቦት፣ ከሰል፣ ሁሉን ይዛ እንድትመጣ ተስማማን። ያልናት «ለመታሰቢያ ነው» ብቻ ነው። ፈንዲሻ አልነበራትም። ስንጠይቃት «ፈንዲሻማ የደስታ ነው፣ እህት ዓለም» አለች፤ ንፍሮ ቀቅላ ነበር የመጣችው። ለጾሙም ሆነ፣ ለሙስሊሙም ሆነ፣ ለለቅሶውም ሆነ። እኛ ለሳምንታት ስንጨቃጨቅ የከረምንበትን ነገር እሷ አንዲት ድስት ውስጥ ጨርሳው መጣች። አቦሉን ቀድታ ከማደሏ በፊት አንዲት ሲኒ ሞልታ ጠረጴዛው ሥር አስቀመጠች። ለምን ብለን አልጠየቅናትም፣ የጠየቃትም የለም። እናቶቹ ዱዓ አደረጉ፣ አንድ አባት ጸሎት አደረሱ፣ ቶናው ቀጠለ፣ በረካው ቀጠለ። ያ ሁሉ የዲኮር ፎቶ ያልሰጠንን ነገር ያገኘነው ወዳጃ ላይ፣ ለዱዓ ቡና ከበን እንደምንቀመጠው፣ ስንቀመጥ ነው። ለሷ ቁጥር አልሰጥም፣ ስልኳን ለጠየቀኝ ሁሉ ግን እሷን አስፈቅጄ እሰጣለሁ።

ወጪውን ለሚጠይቁኝ፤ ትልቁ የዲኮሩ ኪራይ ነው። እንጨት ሠሪ ዘመድ ካላችሁ ያንን ባለ ሦስት ደረጃ ነገር ከጣውላ አሠሩት፣ በየዓመቱ ይሠራላችኋል። ማተሚያ ቤት ከጥቅምት መጨረሻ በፊት ግቡ፤ ኅዳር ሲገባ የየቢሮው ባነር ይጨናነቅባቸዋል፣ የናንተ ካርድ መጨረሻ ይሆናል። ፖሊስ ጣቢያ ካለው የሴቶችና ሕፃናት ክፍል አንድ ሰው ብታስጠሩ ደግሞ ጥሩ ነው፣ ዩኒፎርም ሳይለብስ፣ ንግግር ሳያደርግ፣ ጥግ ላይ ቡናውን እየጠጣ። የኛው ጋ የመጣችው ፖሊስ አጠገብ ሦስት ሴቶች ሲኒ ይዘው ሄደው ተቀምጠዋል። ምን እንዳወሩ የነሱ ነው።

የዲኮር ቤቱ መያዣ ብራችንን ጨርቁ ላይ የጧፍ ጠብታ አገኘሁ ብሎ ከፊሉን አስቀርቶብናል። እውነቱን ለመናገር ጠብታ ነበር። ጫማዎቹ ተከፋፍለዋል፤ የተማሪዋን ጥቁር ጫማ የወሰደችው ልጅ ልኳ ነው።